ግመሉ የሚራገፍበት ቦታ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ጋቢውን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ አቋርጦ ከወዲያ ማዶ ብቅ ሲል ግን መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ደብረ ሲና ላይ ጋቢው ከትከሻ ይነሳል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ደግሞ ታጥፎ ጭን ላይ ይቀመጣል። ከ3000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ሙቀት ለመውረድ ረጅም ጊዜ አይፈጅም። ገብሱና ባቄላው ኋላ ቀርቶ ማሽላው፣ ማሾው፣ ሽንኩርቱና ማንጎው ይተካል። መንገደኛው ግን ያው መንገደኛ ነው። ስሙ፣ ጉዳዩና ቀጠሮው አልተለወጠም። የተለወጠው ልብሱ፣ የሚጠጣው ውኃና የአረማመዱ ፍጥነት ነው።

ይኸው መንገደኛ ሮቢት ላይ ወርዶ ጥላ ሥር አረፍ ሲል ስልኩን ያወጣል። ስልኩ አንድሮይድ ከሚባሉት ወገን ከሆነ፣ ከስክሪኑ ሥዕልና ከድምፁ በታች ተቀብሮ የሚሠራው ነገር ሊኑክስ የሚባል ከርነል ነው። መልእክቱን ተቀብሎ ወደ ሌላው የሚያሻግረው፣ በሩቅ አገር ከአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የተደረደረው ኮምፒዩተርም አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በዚያው በሊኑክስ ነው። የሁለቱ ማሽኖች አንጎል ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። የአንዱ ፕሮሰሰር የሚሰማውን ትእዛዝ ሌላው አይሰማውም። አንዱ በትንሽ ባትሪ ኪስ ውስጥ ይኖራል፤ ሌላው ኤሌክትሪክ እንደ ውኃ ይጠጣል፣ ማራገቢያም ካልነፈሰለት ይቃጠላል።

ለመሆኑ አንድ ሥራ በዚህ ያህል በተራራቁ ማሽኖች ላይ እንዴት ሊኖር ቻለ? መልሱ ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነው ታሪክ ነው። ታሪኩም የሚያስተምረው ነገር ከይፋት ቆላ ሰው የተሰወረ አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፋሬና አልዩ አምባ

ይፋት ከጥንት ጀምሮ የባሕርና የደጋ መገናኛ ነበረ። የወላስማ ሥርወ መንግሥት ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ኃይሉን ያደራጀው ዘይላን ከደጋው ጋር በሚያገናኘው የንግድ መስመር ላይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ላይ ተቀምጠው ሸዋን ሲገዙ፣ ከታጁራ የተነሳው ሲራራ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ከተራራው ግርጌ ፋሬ ይደርስ ነበር። ግመል የሚመጣው እስከዚያ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ዳገት ድንጋያማና ቀጥ ያለ፣ ብርዱም የበረሃ እንስሳ የማይችለው ስለሆነ ጭነቱ ይራገፋል።

እዚህ ላይ ነው ሙያው። ግመል የተሸከመውን አንድ አህያ አይችለውም፤ ስለዚህ ይከፈላል። የግመሉ መጫኛ ለበቅሎ ጀርባ አይሆንም፤ ስለዚህ በኩርታን ይተካል። ሊከፈል የማይችለው ዕቃ ለሰው ጫንቃ ይቀራል። በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ለንጉሡ ስጦታ ይዞ በመጣ ጊዜ ዕቃው ከግመል ወርዶ በንጉሡ ትእዛዝ በተሰበሰበ ሕዝብ ጫንቃ ዳገቱን ወጥቷል። ከፋሬ ብዙም በማይርቀው በአልዩ አምባ ገበያ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሪውና አማራው ይገናኛሉ፤ ኬላውም እዚያው ነው። ከታች የመጣው ጨው አንኮበር ሲደርስ ያው ጨው፣ ጨርቁም ያው ጨርቅ ነበር። በጉዞው መካከል የተለወጠው የተሸከመው እንስሳና የታሰረበት መንገድ ነው።

ይህን ሥራ የሚመራ ሰው ሦስት ነገር ማወቅ ነበረበት፤ ጭነቱ ምን እንደሆነ፣ እንስሳው ምን እንደሚችል፣ መንገዱም ምን እንደሚመስል። ከሦስቱ አንዱን የሳተ ነጋዴ ወይ እንስሳው ይወድቅበታል፣ ወይ ዕቃው ይሰበርበታል።

ማሽን በሞተ ቁጥር

ወደ ኮምፒዩተሩ እንመለስ። ከርነል የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በቅርፊት ውስጥ ያለውን ፍሬ ያመለክታል፤ በአማርኛ አስኳል ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም። የአስኳሉ ሥራ በፕሮግራሞችና በማሽኑ መካከል ቆሞ ማደል ነው። ፕሮሰሰሩን ማን በየትኛው ቅጽበት እንደሚጠቀም፣ ከሜሞሪው ለማን ምን ያህል እንደሚደርሰው፣ ዲስኩ ላይ ማን እንደሚጽፍ የሚወስነው እርሱ ነው። ፕሮግራሙ ስለ ማሽኑ ብዙ ሳያውቅ መኖር ይችላል። አስኳሉ ግን ማሽኑን በቅርብ ሳያውቅ ሊኖር አይችልም።

ችግሩ የጀመረውም እዚህ ላይ ነው። በኮምፒዩተር የመጀመሪያ ዘመን እያንዳንዱ ዓይነት ማሽን የራሱ ትእዛዝ፣ የራሱም ፕሮግራም ነበረው። ሥራው ሰፍቶ ትልቅ ማሽን የገዛ ድርጅት ለዓመታት ያጻፋቸውን ፕሮግራሞች ጥሎ እንደገና ማስጻፍ ግድ ይሆንበት ነበር። ጭነቱና ግመሉ አንድ ላይ የተሰፉ ያህል ነው፤ ግመሉ ሲሞት ጭነቱም አብሮ ይቀበራል።

በሚያዝያ 1964 አይቢኤም ሲስተም 360 የተባሉትን ማሽኖች ይፋ አደረገ። አዲስነታቸው ከትንሹ እስከ ትልቁ ያሉት ሞዴሎች በመሠረቱ አንድ ዓይነት ትእዛዝ መስማታቸው ነበር። ይሁን እንጂ አንዱ ደንበኛ ብዙ ሜሞሪ፣ ሌላው ጥቂት አለው፤ አንዱ ዲስክ፣ ሌላው ቴፕ ይጠቀማል። ስለዚህ ደንበኛው ሲስተም ጄነሬሽን የሚባል ሥራ ይጠብቀው ነበር። በካርድ ላይ እየበሳ ስለ ማሽኑ የሚጠየቀውን ይመልሳል፤ ማሽኑም እነዚያን መልሶች ይዞ ለዚያ መሥሪያ ቤት ብቻ የተሰናዳ ሥርዓት ያወጣል። ዛሬ የከርነል ምርጫ የምንለው ነገር ጥንታዊ መልኩ ይህ ነው። ዋናው ሐሳብ ያኔም ግልጽ ነበረ፤ የጋራ የሆነው አንድ ጊዜ ይጻፋል፣ የቦታው የሆነው በቦታው ይጠየቃል።

የተሻገረው ዩኒክስ

በ1969 ኬን ቶምፕሰን የተባለ የቤል ላቦራቶሪ ባለሙያ ፒዲፒ 7 በምትባል ትንሽ ማሽን ላይ ኋላ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ሥርዓቱ ፒዲፒ 11 ወደምትባል የተሻለች ማሽን ተዛወረ። እስካሁን የተጻፈው በማሽኑ በራሱ ትእዛዝ ነበር። በ1973 ግን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ አብዛኛውን አስኳል ሪቺ ባበጀው ሲ በተባለው ቋንቋ እንደገና ጻፉት። ሲ ከማንኛውም ማሽን ትእዛዝ ከፍ ብሎ የቆመ ቋንቋ ነው፤ ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው ማሽን ትእዛዝ የሚያወርድ አስተርጓሚ እስካለ ድረስ ጽሑፉ ያው ነው።

ይህ እውነት መሆኑ የተፈተነው በ1977 ነው። በአውስትራሊያ የዎሎንጎንግ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበረው ሪቻርድ ሚለር ዩኒክስን ኢንተርዴታ ከሚባል ሌላ ዘር ማሽን ላይ አሻገረው። በዚያው ዘመን እነ ሪቺም በቤል ላቦራቶሪ በኢንተርዴታው ታላቅ ወንድም ላይ ይኸንኑ ይሠሩ ነበር። የተገኘው ትምህርት ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ከአስኳሉ አብዛኛው እንዳለ ተሻገረ። እንደገና መጻፍ የነበረበት ጥቂቱ ነው፤ ሜሞሪ የሚያድለው፣ ማሽኑ ሲጠራ ቶሎ የሚመልሰው፣ ከዲስክና ከመሰል መሣሪያዎች ጋር የሚነጋገረው ክፍል። በሌላ አነጋገር ጨውና ኩርታን ተለያዩ።

መለያየቱ ግን ያለ ስህተት አልተከናወነም። አንዳንድ ፕሮሰሰር ቁጥርን ከትልቁ ጫፍ፣ አንዳንዱ ከትንሹ ጫፍ ጀምሮ ያስቀምጣል። ልክ አንዱ አገር ቀንን ከወር፣ ሌላው ወርን ከቀን አስቀድሞ እንደሚጽፈው ማለት ነው፤ ቁጥሮቹ ያው ሆነው አንባቢው ይሳሳታል። ዩኒክስ መጀመሪያ ሲሻገር ስሙን እንኳ ጥንድ ጥንድ ፊደሎቹን አለዋውጦ አሳይቷል ተብሎ በባለሙያዎች ዘንድ እንደ ቀልድ ይወራል። በእኛ ፊደል ብንጽፈው ዩኒክስ ለማለት ኒዩስክ እንደማለት ነው። ቀልዱ የያዘው ቁም ነገር አለ። ለሁሉም ግልጽ ነው ብለን ሳንጠይቅ ያለፍነው ነገር አዲስ ቦታ ስንደርስ ይሰናከላል።

የጥያቄዎቹ ዘመን

ዩኒክስ ካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ የአስኳሉ ምርጫ አንድ አጭር ጽሑፍ ሆነ። የማሽኑ ዓይነት፣ የፕሮሰሰሩ ስም፣ የሚጠበቁት ተጠቃሚዎች ብዛት፣ የሚፈለጉት ጠባዮችና የተገጠሙት መሣሪያዎች በየመስመሩ ይሰፍራሉ። ለማንም እንዲሆን ተብሎ የተዘጋጀ ሁሉን አቀፍ ዝርዝርም ነበረ። ሁሉን አቀፉ በየትም ይነሳል፤ ግን ቤቱ ውስጥ የሌለውን መሣሪያ ሁሉ ተሸክሞ ስለሚዞር በዚያ ዘመን እጅግ ውድ የነበረውን ሜሞሪ ይበላል። ብልህ ባለሙያ የማያስፈልገውን እየሰረዘ ቀለል ያለውን ያወጣ ነበር። ከዚሁ ከበርክሊ ዘር በ1993 የወጣው ኔትቢኤስዲ ብዙ ዓይነት ማሽን ላይ መኖርን ዋና ዓላማው አድርጎ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

በነሐሴ 1991 የሄልሲንኪ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ አዲስ ሥርዓት እየሠራ መሆኑን ለዓለም ሲያስታውቅ ሥራው ከኢንቴል 386 ፕሮሰሰር ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ወደ ሌላ ማሽን እንደማይሻገር አብሮ ተናግሮ ነበር። በጥር 1992 ታዋቂው ፕሮፌሰር አንድሩ ታነንባውም ይኸንኑ ነቀፉ፤ ከአንድ ፕሮሰሰር ጋር የታሰረ ሥርዓት መጻፍ ስህተት ነው አሉ። ፕሮፌሰሩ በዚህ አልተሳሳቱም። የተሳሳተው ሊኑክስ እንደታሰረ ይቀራል ብሎ የገመተ ነው። ዲጂታል የተባለው ኩባንያ ባልደረባ ጆን ሆል አልፋ የተባለችውን የኩባንያቸውን ማሽን ለቶርቫልድስ እንድትደርሰው አደረገ። አልፋ ቁጥርን በ64 ቢት የምትይዝ፣ ከ386 በእጅጉ የተለየች ነበረች። እርሷ ላይ ለማሻገር ሲባል አስኳሉ ውስጥ ለፕሮሰሰር ዘሮች የተለየ ክፍል ተበጀ፤ የጋራው በአንድ ወገን፣ የየዘሩ በየክፍሉ ተቀመጠ። በ1995 የወጣው ሊኑክስ ከ386 ዘር ሌላ አልፋን፣ ስፓርክንና ሚፕስን ያውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሊኑክስን ለራሱ ማሽን የሚያሰናዳ ሰው በጥያቄ ይከበባል። መልሱ ከሦስት አንድ ነው፤ አዎ፣ አይ፣ ወይም ሲያስፈልግ ብቻ ይጫን። ፕሮሰሰርህ ከየትኛው ቤተሰብ ነው? አንድ ነው ወይስ ብዙ? ሜሞሪህ ምን ያህል ነው? የሒሳብ ክፍል አለው ወይስ አስኳሉ ራሱ እያሰላ ይተካለት? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለድሆች ማሽኖች ትልቅ ጥያቄ ነበር። ርካሽ በሆኑት የ386 እና የ486 ማሽኖች ላይ የሒሳቡ ክፍል አልነበረምና፣ አይ ብሎ ያለፈ ሰው ማሽኑን ከሥራ ውጭ ያደርገዋል።

ከጥያቄዎቹ ሁለት ወጥመዶች መጥቀስ ይበቃል። አንደኛው የፕሮሰሰሩ ቤተሰብ ነው። ዝቅ ብሎ የመረጠ ሰው ማሽኑ ትንሽ ይዘገይ ይሆናል እንጂ አይወድቅም፤ ከማሽኑ በላይ ከፍ ብሎ የመረጠ ግን ከደጃፍ አይነሳም። ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትእዛዝ ሲመጣበት ጥቁር ስክሪን ይዞ ይቀራል። ሁለተኛው ዲስኩን የሚያነበው ክፍል ነው። ይህን ክፍል ሲያስፈልግ ብቻ ይጫን ብሎ ዲስኩ ላይ ያኖረ ሰው ሌላ መላ ካላበጀለት ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደዘጋ ይቆጠራል። ዲስኩን ለማንበብ ክፍሉ ያስፈልጋል፤ ክፍሉ ደግሞ ያለው ዲስኩ ላይ ነው። በዘገምተኛ ማሽን ሰዓታት ሙሉ ጠብቆ ይህን ያገኘ ወጣት ንዴቱን አይረሳውም፤ የራሱን ማሽን ያወቀውም በዚያች ሌሊት ነው።

አረንጓዴዋ ማሽን

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስል ይችላል። አይደለም። በ2008 አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የተባለው ፕሮጀክት ጥቂት ሺህ ኤክስኦ የሚባሉ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖችን ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች አስገብቶ ነበር። የግዕዝ ፊደል የተጻፈበት የቁልፍ ሰሌዳም ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ማሽኗ በሙቀትና በአቧራ አገር እንድትኖር የታሰበች ናት። ማራገቢያ የላትም፤ ስክሪኗ በፀሐይ ብርሃን ይነበባል፤ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይበቃታል። የሮቢት የሚያዝያ ፀሐይ የታሰበላት ይመስል።

አንጎሏ ኤኤምዲ ጂኦድ የተባለ፣ በ433 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር ነበር። ከታላላቆቹ የኢንቴል ዘመዶች ሁሉንም ትእዛዝ አይሰማም። ሜሞሪዋ 256 ሜጋባይት፣ ማከማቻዋ 1 ጊጋባይት ብቻ ነው። እንደ ተራ ኮምፒዩተርም በባዮስ አትነሳም፤ ኦፕን ፈርምዌር የሚባል ሌላ ማስነሻ አላት። ለከተማ ኮምፒዩተር የተሰናዳ አስኳል እርሷ ላይ ምቾት አያገኝም። ሊኑክስ ውስጥ ግን በፕሮሰሰር ቤተሰቦች ዝርዝር ላይ ጂኦድ የሚል መልስ አለ። ራሷን ማሽኗን የሚመለከትም፣ በፕሮጀክቱ ስም የተሰየመ ጥያቄ አለ። እነዚህ ሁለት መስመሮች እዚያ የተገኙት በራሳቸው አይደለም። ማሽኗን ያወቁ ሰዎች ተቀምጠው ስለጻፏቸው ነው።

በ2012 ደግሞ ይኸው ፕሮጀክት ሞቶሮላ ዙም የሚባሉ ታብሌቶችን ከወንጪ ደጋና ከወለንጪቲ ቆላ ለሚኖሩ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ሰጠ። ልጆቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፍተው መገኘታቸውን ፕሮጀክቱ ሲናገር ዓለም ተገረመ። ከዚያ ወሬ ውስጥ ሰው ያላየው አንድ ነገር አለ። የታብሌቱ አስኳል ከአረንጓዴዋ ላፕቶፕ ጋር አንድ ዘር፣ ሊኑክስ ነው። ፕሮሰሰሩ ግን አርም የሚባለው የስልክ ዘር ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ አስኳል በሁለት ዓይነት አጋሰስ ተጭኖ ወደ ኢትዮጵያ ልጆች ደርሷል።

ደብዳቤውና ስረዛው

በዚያ ዘመን የአርም ቤት ሰላም አልነበረውም። ተራ ኮምፒዩተር ሲነሳ አስኳሉ ምን ምን ተገጥሞልሃል ብሎ የሚጠይቅበት ደንብ አለ። የአርም ማሽኖች ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ ዕቃውን በፈለገው ቦታ የሚገጥምባቸው፣ ቢጠየቁም የማይመልሱ ነበሩ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰሌዳ የተለየ ጽሑፍ አስኳሉ ውስጥ ይጨመር ጀመር፤ አንዱ የሌላውን እየቀዳ ክምሩ በዛ። በ2011 ቶርቫልድስ ትዕግሥቱ አልቆ በይፋ ተቆጣ።

መፍትሔው ዲቫይስ ትሪ የሚባለው ዘዴ ሆነ። ሐሳቡ ከዚያው ኦፕን ፈርምዌር ከተባለው ማስነሻ ቤት የመጣ ነው። የማሽኑ ዝርዝር ከአስኳሉ ወጥቶ በአንድ ትንሽ ሰነድ ይጻፋል፤ ማሽኑ ሲነሳ ሰነዱ ለአስኳሉ ይሰጠዋል። ከፋሬ የሚነሳ ነጋዴ በቅሎዎቹን በዓይኑ ሳያይ፣ ስንት እንደሆኑና ምን እንደሚችሉ የሚነግር ደብዳቤ እንደሚደርሰው ማለት ነው። በታኅሣሥ 2012 የወጣው ሊኑክስ 3.7 ለመጀመሪያ ጊዜ የተለያዩ ፋብሪካዎችን የአርም ማሽኖች በአንድ የተሰናዳ አስኳል ማስነሳት ቻለ።

በዚያው ወር ሌላም ነገር ሆነ። 386 ከአስኳሉ እንዲወጣ ተወሰነ። ሊኑክስ የተወለደበት፣ ቶርቫልድስ በ1991 ኮሌታው ሥር ላብ ያፈሰሰበት ያ ፕሮሰሰር ማለት ነው። ለእርሱ ሲባል የሚቆየው ጽሑፍ ሌላውን ሥራ ያወሳስባል ተባለ። የቶርቫልድስ የራሱ የመጀመሪያ ማሽን እንኳ ከእንግዲህ አዲሱን ሊኑክስ እንደማታስነሳ ቢነገረውም አልተከዘም። ጊዜው ቀጠለ። በነሐሴ 2025 ደቢያን የተባለው ታላቅ የሊኑክስ ስብስብ 13ኛ እትሙን ሲያወጣ ለባለ 32 ቢት ኮምፒዩተሮች አስኳልም ሆነ መጫኛ ማዘጋጀት አቆመ። አረንጓዴዋ ኤክስኦ ከነጂኦዷ የምትወድቀው ከዚህ ወገን ነው።

በዚህ ማንንም አንወቅስም። ለአንድ ፕሮሰሰር መልስ እንዲቀጥል አንድ ሰው ያንን ማሽን ይዞ መቀመጥ፣ አዲስ ጽሑፍ ሲመጣ መሞከር፣ ሲበላሽ መጮህ አለበት። የሚጮህ ከጠፋ ተጠቃሚም እንደሌለ ይቆጠራል። ጉዳዩ ለእኛ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በሌላው ዓለም ዕድሜው አበቃ የተባለ ኮምፒዩተር በስጦታ ወይም በሁለተኛ እጅ ወደ እኛ ይመጣል፤ እዚህ ደግሞ ሁለተኛ ዕድሜውን ይጀምራል። የስረዛው ውሳኔ በሚመከርበት ቦታ ግን ያንን ማሽን አሁንም የሚጠቀም ልጅ ድምፅ አይሰማም። ማሽኑ ሳይሞት ከዝርዝሩ ይወጣል።

ድምፅ ሲሰማ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ምሳሌ ከራሳችን ቤት አለ። ኮምፒዩተር አማርኛ መጻፍ በጀመረበት ዘመን እያንዳንዱ የግዕዝ ፕሮግራም ለፊደሎቹ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ጽሑፉ ከፕሮግራሙ ጋር ተሰፍቶ ነበርና ፕሮግራሙ ሲቀር ጽሑፉም ይቀራል። አገር ውስጥና ውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያንና ወዳጆቻቸው ተከራክረው በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝ ፊደል የጋራ ቁጥር እንዲያገኝ አደረጉ። ዛሬ ሮቢት ላይ የተጻፈ የአማርኛ መልእክት በየትኛውም ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ የሚነበበው በዚያ ምክንያት ነው።

መንገዱ ሲዞር

አልዩ አምባ ምን ሆነ? በጦርነት ተሸንፎ አልወደቀም። መጀመሪያ ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ራቀ። ቀጥሎ የጅቡቲው ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ባቡር ግመልም በቅሎም አይፈልግም። ጭነቱ ፋሬ ላይ መራገፉን ሲተው ሁለቱንም እንስሳ የሚያውቀው የቆላ ባለሙያ ሙያው አላስፈለገም። በኋላ የመኪና መንገዱ በጣርማ በር ሲወርድ ገበያው ወደ ሮቢት ወገን ዞረ። አንድ ቦታ የሚረሳው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ማንም አይዘጋውም፣ መንገዱ ብቻ ስለ እርሱ መጠየቁን ያቆማል።

በአስኳሉ ታሪክ ግን ከአልዩ አምባ ዕጣ የሚለይ አንድ ነገር አለ። የባቡሩን ሐዲድ ወደ ፋሬ ለማዞር የአንድ ነጋዴ አቅም አይበቃም ነበር። የሊኑክስ ጽሑፍ ግን ለማንም ክፍት ነው። አሮጌው እትም የትም አልሄደም፤ ጂኦድ የሚለው መልስ ያለበትን አስኳል አውርዶ፣ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ መልሶ፣ ተራ የተባለችውን ማሽን የሚያስነሳ ወጣት በይፋትም ሊገኝ ይችላል። የሚፈለግበት የጥንቱ የፋሬ ባለሙያ ዕውቀት ነው፤ ጭነቱን፣ እንስሳውንና መንገዱን ማወቅ። ያ ወጣት ዕውቀቱን ለራሱ ብቻ ካላስቀረ፣ ያየውንም ጉድለት ጽፎ ጉዳዩ ወደሚመከርበት ቦታ ከላከ፣ የእርሱ ማሽን ያለበት መስመር ቶሎ አይሰረዝም።

መንገደኛችን ጉዳዩን ጨርሶ ከሮቢት ይመለሳል። አውቶብሱ ደብረ ሲናን ሲያልፍ ጭኑ ላይ የታጠፈውን ጋቢ ይዘረጋል፤ ጣርማ በር ሳይደርስም ይደርበዋል። ልበስ ያለው የለም። አገሩን ስለሚያውቅ ነው።